የተማሪዎች ዶርም፦ ብቻ መሆንና አብሮ መኖር በአንድ ጣሪያ ሥር እንዴት ይሆናል?

እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ የዶርም ፕላን ብዙ ሰው አነጋገረ። በአሜሪካ፣ ሳንታ ባርባራ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ 4,500 ያህል ተማሪዎችን በአንድ ግዙፍ ሕንፃ ለማኖር አቅዶ ነበር። ባለሀብቱ ቻርሊ መንገር ለግንባታው 200 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ አለ። ግን ሕንፃው እኔ ባሰብኩት መንገድ ይሠራ የሚል ቅድመ ሁኔታ ነበረው። በሐሳቡ መሠረት እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው የሚያድርበት ክፍል ያገኛል። እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ችግሩ፣ አብዛኞቹ ክፍሎች መስኮት የላቸውም።

ለምን? ክፍሉ ጠባብ ከሆነና መስኮትም ከሌለው ተማሪው እዚያ ተዘግቶ አይውልም፤ ወደ ጋራ ሳሎን ይወጣል፣ ሰው ያገኛል፣ ይግባባል ተብሎ ነው። የዩኒቨርሲቲው የዲዛይን ገምጋሚ ኮሚቴ አማካሪ የነበረው አርክቴክት ዴኒስ ማክፋደን ግን ይህን አልደግፍም ብሎ ለቀቀ። ዜናው ተሰራጨ፣ ተቃውሞው በረታ፣ በ2023 ዩኒቨርሲቲው ፊቱን ወደ ሌላ ዕቅድ አዞረ።

ሕንፃው አልተሠራም። ጥያቄው ግን ዛሬም አለ፤ ዶርም የሚሠራ ሁሉ ይገጥመዋል። ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ሚዛን ነው የሚያየው። በአንድ በኩል ግላዊነት ሲጨምር በሌላ በኩል ወዳጅነት ይቀንሳል ብሎ ያስባል። ስለዚህ ተማሪዎች እንዲቀራረቡ ከተፈለገ ግላዊነታቸውን ትንሽ ቀነስ ማድረግ ነው ይላል። የመንገር ሕንፃም በዚሁ ሒሳብ ነው የታሰበው። ነገር ግን ላለፉት 70 ዓመታት የተደረጉ ጥናቶችን ስናይ ሒሳቡ አይሠራም። በሩን ዘግቶ ማረፍ እንደሚችል የሚያውቅ ተማሪ ነው በሩን ከፍቶ ለመቀመጥ የማይፈራው። ይህ እንዴት እንደሚሆን፣ ኮሪደሩ፣ ኪችኑ፣ ደረጃውና በሩ ምን ድርሻ እንዳላቸው እንይ።

ግላዊነት ስንል ምን ማለታችን ነው?

ግላዊነት ሲባል ብቻ መሆን ይመስለናል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ኧርዊን አልትማን ግን በ1970ዎቹ ለየት ያለ ትርጉም ሰጠው። ለእሱ ግላዊነት ማለት ሌላው ሰው ወደ እኔ ምን ያህል ይቅረብ የሚለውን ራስ መወሰን መቻል ነው። ስለዚህ ከግድግዳ ይልቅ መጋረጃን ይመስላል። መጋረጃ ሲያሻን እንዘጋዋለን፣ ሲያሻን እንከፍተዋለን። ግድግዳ አንዴ ከቆመ ቆመ ነው።

በዚህ ትርጉም ከሄድን ሁለት ዓይነት ችግር ይታየናል። ከምንፈልገው በላይ ሰው ሲበዛብን መጨናነቅ ነው። ከምንፈልገው በታች ሲሆንብን ብቸኝነት ነው። ሁለቱም የሚመጡት መጋረጃው በእጃችን ሳይሆን ሲቀር ነው። ለዚህ ነው ሁለቱም በአንድ ዶርም፣ በአንድ ተማሪ ላይ፣ በአንድ ቀን ሊደርሱ የሚችሉት፤ ጠዋት ሻወር ቤት በር ላይ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሲጋፋ ያረፍድና ማታ የሚያዋየው ሰው አጥቶ ስልኩን ታቅፎ ይተኛል።

አልትማንና ባልደረቦቹ በ1980 ባሳተሙት ጥናት በዩታ ዩኒቨርሲቲ ዶርም የገቡ አዲስ ተማሪዎችን ተከታትለዋል። ትምህርታቸውን የቀጠሉትና ያቋረጡት ይለያዩ ነበር። የቀጠሉት ሰው ለማግኘትም፣ ከሰው ገለል ለማለትም ብዙ ዘዴ ነበራቸው። በር ከፍቶ መቀመጥ፣ ሌላ ሰው ክፍል ጎራ ማለት፣ በር መዝጋት፣ ጸጥ ያለ ጥግ ፈልጎ መሄድ። ያቋረጡት ዘዴያቸው ያነሰ፣ ሲሞክሩትም ብዙ የማይሠራላቸው ነበር። ሕንፃው ነው ያባረራቸው ማለት አይደለም። ግን ልብ በሉ፣ እነዚህ ዘዴዎች ሁሉ ቦታ ይፈልጋሉ። የሚዘጋ በር ከሌለ በር መዝጋት የለም። የሚኬድበት ሌላ ጥግ ከሌለ ገለል ማለት የለም።

ለሁሉም የራሱን ክፍል ሰጥቶ መገላገል አይቻልም?

አቅም ካለ ጥሩ ነው። ግን የገንዘቡን ነገር ብንተወው እንኳ ጉዳዩ በዚያ አያልቅም። ሁሉን ያሟላ ክፍል አስቡ። መታጠቢያው ውስጥ ነው፣ ማብሰያው ውስጥ ነው። ተማሪው ከሊፍት ወርዶ ኮሪደሩን አቋርጦ ይገባል፣ ጠዋት በዚያው ይወጣል። ሳምንት ሙሉ የጎረቤቱን ፊት ሳያይ መኖር ይችላል። ትዳር ለያዘ፣ የማስተርስ ወይም የፒኤችዲ ጽሑፉን እየጻፈ ላለ፣ ጓደኞቹን ቀድሞ ላፈራ ሰው ይህ ይመቻል። ከወላጆቹ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ለወጣ የ18 ዓመት ልጅ ግን በጣም ከባድ ሊሆን ይችላል። ሰው የሚገናኝበትን ሰበብ ሁሉ ነው የወሰድንበት።

ሰበብ የምትለዋ ቃል እዚህ ቁልፍ ናት። ሰው "ጓደኛ ላፍራ" ብሎ ከክፍሉ አይወጣም። የሚወጣው ውሃ ሊቀዳ፣ ምግብ ሊያሞቅ፣ ልብስ ሊያጥብ ነው። ሰላምታው፣ ወሬው፣ "አንተም ያን ኮርስ ወስደሃል?" የሚለው ነገር የሚመጣው በዚያ መሃል ነው።

በ2019 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናትም ወደዚህ ይጠቁማል። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ውጤት ከዶርማቸው ዓይነት ጋር ሲያነጻጽር፣ እንደ አፓርታማ ተለያይተው ከሚኖሩት ይልቅ በጋራ ኮሪደር ላይ የሚኖሩት የተሻለ ውጤት ነበራቸው። አንድ ጥናት ብቻውን ኮሪደር ብልህ ያደርጋል አያሰኝም። ግን አዲስ ተማሪን በምቾት ስም ከሰው መነጠል ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል ያሳስባል።

ጓደኛችንን የምንመርጠው እኛ ነን ወይስ በራችን?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም፣ በአጭሩ ኤምአይቲ፣ ከጦርነት ተመልሰው ትምህርት ለጀመሩ ባለትዳር ተማሪዎች ዌስትጌት የሚባል መኖሪያ አዘጋጅቶ ነበር። ነዋሪዎቹ ጎረቤታቸውን መርጠው አልገቡም። ሊዮን ፌስቲንገር፣ ስታንሊ ሻክተርና ከርት ባክ የተባሉ ተመራማሪዎች "በብዛት የምትቀራረቡት ከማን ጋር ነው?" ብለው ጠየቋቸው። ውጤቱ በ1950 ታተመ።

በአንድ ፎቅ አምስት ቤት ብቻ ባለባቸው ሕንፃዎች፣ ጎን ለጎን ከሚኖሩት 41 በመቶው ተመራርጠዋል። አንድ ቤት ተዘልሎ ባለው ጎረቤት ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ወደ 22 በመቶ ወረደ። ከኮሪደሩ ጫፍና ጫፍ ለሚኖሩት 10 በመቶ ብቻ ሆነ። በጎን ለጎን በሮች መካከል ያለው ርቀት ስድስት ሜትር ገደማ ነበር። አስቡት፣ በጥቂት እርምጃ ልዩነት ነው የሰው ወዳጅነት እንዲህ የሚቀንሰው።

ከቁጥሮቹ በላይ ደስ የሚለኝ ሌላው ግኝታቸው ነው። ምድር ቤት ደረጃው ሥር የሚኖሩ ሰዎች ከሌሎቹ የምድር ቤት ነዋሪዎች ይልቅ ላይኛው ፎቅ ላይ ብዙ ወዳጅ ነበራቸው። ላይ የሚኖረው ሰው ሲወጣ ሲወርድ በራቸው ላይ ያልፋላ። በሌላ በኩል በራቸው ወደ ጋራ ግቢው ሳይሆን ወደ መንገድ የዞረ ቤቶች ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ወዳጃቸው በጣም ያነሰ ነበር። ማንም ሰው አልጠላቸውም። በሩ ነው ፊቱን ያዞረባቸው።

ስለዚህ ርቀት በሜትር ብቻ አይለካም። ዋናው፣ የዕለት መንገዳችን ስንት ጊዜ ይቆራረጣል የሚለው ነው። አርክቴክቱ ደረጃውን፣ ፖስታ ሳጥኑን፣ ልብስ ማጠቢያውን የት ላድርግ ብሎ ሲወስን፣ ሳያውቀው ማን ከማን ጋር እንደሚግባባም እየወሰነ ነው።

ጥንቃቄም ይፈልጋል። በ1976 የታተመ ሌላ ጥናት ሰዎች የሚጠሉትም ሰው በአብዛኛው ቅርባቸው የሚኖረው መሆኑን አሳይቷል። ቅርበት ፍቅርን ብቻ አያመጣም፤ የሚረብሸንም ጎረቤት ቅርብ ነው። ማስጠጋት ብቻውን በቂ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ረጅሙ ኮሪደር ለምን ያስመርራል?

ይህን በደንብ ያሳየው በ1970ዎቹ በኒውዮርክ፣ ስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው የአንድሩ ባውምና የስቱዋርት ቫሊንስ ሥራ ነው። ሁለት ዓይነት ዶርም አነጻጸሩ። በአንደኛው ረጅም ኮሪደር አለ፣ ግራና ቀኙ ሁለት ሁለት ሰው የሚኖርባቸው ክፍሎች ናቸው፣ 34 ያህል ተማሪ አንድ መታጠቢያና አንድ ሳሎን ይጋራል። በሁለተኛው ከአራት እስከ ስድስት ተማሪዎች የራሳቸው ትንሽ ሳሎንና መታጠቢያ አላቸው። ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚደርሰው ቦታ በሁለቱም ተቀራራቢ ነበር። ስለዚህ ልዩነት ከተገኘ የጥበት ጉዳይ አይደለም።

ልዩነት ተገኘ። የኮሪደሩ ተማሪዎች "ተጨናንቀናል" ይላሉ። ማየት የማይፈልጉትን ሰው ሁልጊዜ እንደሚያገኙ ይናገራሉ። በጣም የሚገርመው ግን ከዶርሙ ውጭ የታየው ነው። ተመራማሪዎቹ ተማሪዎቹን ጠርተው፣ ከማያውቁት ሰው ጋር በመጠበቂያ ክፍል እንዲቆዩ አደረጉ። የኮሪደሩ ልጆች ራቅ ብለው ተቀመጡ፤ ወደዚያ ሰው ብዙም አይመለከቱም። ከሰው መሸሽ ልማድ ሆኖባቸው ይዘውት ወጥተዋል ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? 34 ሰው ለመላመድ ይበዛል፣ እንዳላየ ለማለፍ ደግሞ ያንሳል። ትልቅ ከተማ መሃል የምናልፈውን ሰው ሰላም ማለት አይጠበቅብንም። ቤተሰብ ውስጥ ሁሉንም እናውቃለን። ረጅሙ ኮሪደር ከሁለቱም አይደለም። ፊቱን የምናውቀው፣ ስሙን የማናውቀው፣ ሰላም እንበለው አንበለው የማንወስነው ሰው በሽንት ቤት መንገድ ላይ በቀን አሥር ጊዜ ይገጥመናል። ይደክማል። የደከመ ሰው አንገቱን ደፍቶ ማለፍ ይጀምራል።

"ቅድም ኮሪደር ለውጤት ጥሩ ነው አላልክም?" የሚል አይጠፋም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔ ሁለቱ ጥናቶች የሚጋጩ አይመስለኝም። ኮሪደሩ የሰዎችን መንገድ ያገናኛል፤ ያ ጥቅሙ ነው። ቁጥሩ ሲበዛና ማምለጫ ሲጠፋ ግን ያው መገናኘት ሸክም ይሆናል። መፍትሔው መገናኘቱን ማስቀረት ሳይሆን ሰዉን በትንሽ በትንሽ መከፋፈል ነው።

ስንት ሰው ቢሆን ነው ልኩ?

አንድ ቁጥር የለም። ግን አንድ ኪችን የሚጋራ ሰው ሁሉም ሁሉንም በስም ሊያውቅ የሚችልበት ልክ ላይ መቆም አለበት። አራት ወይም አምስት ሲሆን በጣም ይቀራረባሉ፤ ሁለቱ ከተጣሉ ግን ቤቱ ሁሉ ይታመሳል፣ መሸሻ የለም። ስምንት፣ አሥር፣ አሥራ ሁለት ሲሆን ከሁለቱ ጋር ያልተግባባ ከሌሎቹ ጋር ይግባባል። ከዚያ ሲያልፍ ደግሞ "ማነው ሳህኑን ሳያጥብ የሄደው?" የሚለው ጥያቄ መልስ ያጣል። ማንም ባለቤት ያልሆነው ኪችን ይቆሽሻል፣ የቆሸሸ ኪችን ውስጥ ማንም አይቀመጥም።

ይህን አሳምሮ የሠራ ሕንፃ ኮፐንሃገን ውስጥ አለ። ቲትገን ኮሌጅየት ይባላል፤ በ2006 የተጠናቀቀ ክብ የተማሪዎች መኖሪያ ነው። ሉንድጎርድ ኦግ ትራንበርግ የተባለው የዴንማርክ አርክቴክቶች ድርጅት ነው የነደፈው። 360 ክፍል አለው፤ ግን ማንም ተማሪ ከ360 ሰው ጋር አይኖርም። ክፍሎቹ በ12 በ12 ተከፋፍለው እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ኪችንና የጋራ ክፍል አለው።

አቀማመጡ ደግሞ ብልሃት አለበት። የመኝታ ክፍሎቹ መስኮት ወደ ውጭ ነው የሚያየው። ኪችኖቹና የጋራ ክፍሎቹ ወደ ውስጠኛው ክብ ግቢ ይዞራሉ። ክፍላችሁ ስትገቡ ማንም አያያችሁም፣ ከፊታችሁ ከተማው ነው። ኪችን ስትወጡ ግን ግቢው ማዶ ሌሎቹ ኪችኖች ይታያሉ፤ የት መብራት በርቷል፣ የት ሰው ተሰብስቧል፣ የቱ ጋ ድግስ አለ። ልብስ ማጠቢያውና የጥናት ክፍሎቹን የመሰለው ለሁሉም የሚሆነው ነገር ምድር ቤት ነው፣ ስለዚህ ከሌላ ቡድን ሰው ጋር መገናኛም አለ። ብቻ መሆን ሲፈልጉ ወደ ውጭ፣ ሰው ሲፈልጉ ወደ ውስጥ። ምርጫው የተማሪው ነው።

ከመንገድ እስከ አልጋ ስንት በር ያስፈልጋል?

ጥሩ ዶርም ከሕዝብ ወደ ግል በአንድ ጊዜ አይዘልም። መንገዱ የሁሉም ነው። መግቢያው የሕንፃው ነዋሪዎች የጋራ ነው። ፎቁ የ20 ወይም የ30 ሰው፣ ኪችኑ የአሥሩ ወይም የአሥራ ሁለቱ፣ ክፍሉ የአንድ ወይም የሁለት ሰው ነው። በእያንዳንዱ ደረጃ ሰው እየቀነሰ፣ መተዋወቅ እየጨመረ ይሄዳል። ተማሪው በየደረጃው ትንሽ ይቆማል፣ ያያል፣ ልቀላቀል ወይስ ልለፍ ብሎ ይወስናል።

ይህ ቅደም ተከተል ሲሰበር ወዲያው ይታወቃል። የመኝታ ክፍል በር በቀጥታ ዋናው መግቢያ ላይ ሲከፈት፣ ወይም ከሻወር ወጥቶ ፎጣ ለብሶ እንግዳ በሚቀመጥበት ሳሎን ማለፍ ግድ ሲሆን ሰው ይሳቀቃል።

ትንንሽ ነገሮችም አሉ፣ ብዙ ገንዘብ የማይፈልጉ። ሁለት በሮች ፊት ለፊት ከሚሆኑ ትንሽ ዘወር ቢሉ፣ አንዱ በሩን ሲከፍት የሌላው አልጋ አይታይም። በሩ ከኮሪደሩ መስመር ግማሽ ሜትር ወደ ውስጥ ቢገባ በሩ ፊት የእኔ የሚባል ትንሽ ቦታ ይፈጠራል፤ ሰው እዚያ ቆሞ ሲያወራ መንገድ አይዘጋም፣ ወደ ክፍልም አልገባም።

የፊንላንዱ አርክቴክት አልቫር አልቶ በ1940ዎቹ መጨረሻ ለኤምአይቲ የሠራው ቤከር ሃውስ ከዚህ አንጻር ሲታይ ደስ ይላል። ሕንፃው እንደ ወንዝ ይጠማዘዛል። ስለዚህ ኮሪደሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚታይ ቀጥ ያለ ቱቦ አይደለም። ክፍሎቹም አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ተማሪው "የእኔ ክፍል" ሲል በቁጥሩ ብቻ አይለየውም። ከአልጋ ብዛት አንጻር ቀጥ ያለ ሳጥን ይረክሳል፣ እውነት ነው። ግን ሰው የሚኖርበትን ቦታ ከሌላው መለየት ሲችል ይንከባከበዋል።

የጋራ ሳሎኑ ለምን ባዶ ይሆናል?

ይህ ዶርም በሠሩ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ቅሬታ ነው። "ሶፋ ገዛን፣ ቴሌቪዥን ሰቀልን፣ ማንም አይመጣም።" ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ከሶፋው ሳይሆን ከቦታው ነው። ሳሎኑ ምድር ቤት ሥር ወይም ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ከሆነ ማንም በአጋጣሚ አያልፍበትም። ሆን ብሎ መሄድ ደግሞ ድፍረት ይጠይቃል። በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞረው ያያችኋል። የምታውቁት ሰው ከሌለ ምን ብላችሁ ትመለሳላችሁ? ስለዚህ አትሄዱም።

የሚሠራው ሳሎን ሦስት ነገር አለው። መጀመሪያ፣ የዕለት መንገድ ላይ ነው፤ ወደ ክፍል የሚሄድ ሁሉ በጎኑ ያልፋል። ሁለተኛ፣ ሳይገቡ ውስጡን ማየት ይቻላል፤ በመስታወት ወይም ግድግዳው ጎደል ብሎ። ማን እንዳለ አይቶ መግባት ይቻላል፣ እጅ አውለብልቦ ማለፍም ይቻላል። ያለፈ ሰው እንደ ኩሩ አይቆጠርም። ሦስተኛ፣ ለመቀመጥ ሰበብ የሚሆን ሥራ አለ። ኪችን ከሳሎን የሚሻለው ለዚህ ነው። ልብስ ማጠቢያው ጎን ጠረጴዛና ወንበር ቢኖር፣ ማሽኑ እስኪጨርስ የሚጠብቅ ሰው ከአጠገቡ ካለው ጋር ያወራል።

የወንበሩም አደራደር ቀላል አይደለም። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሃምፍሪ ኦስመንድ በ1950ዎቹ ሆስፒታሎችን ሲያይ፣ ሰውን የሚሰበስብና ሰውን የሚበትን ቦታ እንዳለ አስተዋለ። በግድግዳ ተደግፈው የተደረደሩ ወንበሮች ይበትናሉ፤ ሰው እንደ ተራ ጠባቂ ፊት ለፊት አፍጥጦ ይቀመጣል። በትንሽ ጠረጴዛ ዙሪያ ማዕዘን ሠርተው የተቀመጡ ወንበሮች ይሰበስባሉ፤ ማየት ሲፈለግ ያያሉ፣ ሳይፈለግ ፊት ማዞር ይቻላል። አንድ ትልቅ አዳራሽ ከሚሆን ሁለት ሦስት ትንንሽ ጥግ ቢኖር ይመረጣል። ሃምሳ ሰው የሚይዝ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰው ሲቀመጥ ባዶ ነው። ስድስት ሰው በሚይዝ ጥግ ግን ሦስት ሰው ሞቅ ያለ ነው።

ድምፅስ?

ስለ ግላዊነት ስናወራ ዓይን ላይ እናተኩራለን። ዶርም ውስጥ ብዙ ጠብ የሚነሳው ግን በጆሮ በኩል ነው። ዓይን ይከደናል፣ ጆሮ አይከደንም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ባወጣው መመሪያ ለጥሩ እንቅልፍ መኝታ ክፍል ውስጥ የማያቋርጥ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው፤ የተለመደ የሁለት ሰው ወሬ 60 አካባቢ ይደርሳል። በመሃል ያለው ግድግዳና በር ነው ያን ልዩነት መሸከም ያለበት።

ድምፅ እንደ ውሃ ነው፣ ቀዳዳ ፈልጎ ያልፋል። ወፍራም ግድግዳ ሠርቶ በሩ ሥር ሁለት ጣት ክፍተት መተው ጀልባን አጠንክሮ ሠርቶ ሥሩን እንደመብሳት ነው። የማከፋፈያ ግድግዳ ኮርኒሱ ጋ ቆሞ ከበላዩ ክፍት ከሆነም ወሬው በላይ በኩል ይሻገራል። የሁለት ክፍል ሶኬቶች በአንድ ግድግዳ ላይ ጀርባ ለጀርባ ሲገጠሙ እንደዚያው ነው። እነዚህን ገና ሲሠራ መዝጋት ቀላል ነው፤ በኋላ ግን ሁለት ጓደኛሞችን ያጣላል። ጩኸት ያለበትን ከጸጥታው መለየትም ይረዳል። ኪችኑ ከአንድ ሰው ትራስ ጋር ግድግዳ መጋራት የለበትም፤ በመሃል ቁምሳጥን ወይም መታጠቢያ ቢገባ ጥሩ መከላከያ ነው።

ስልክ የሚወራበት ትንሽ ክፍልም ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከዶርሜቱ ጋር የሚኖር ተማሪ እናቱ ጋ ደውሎ ማልቀስ ቢፈልግ የት ይሂድ? ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነች፣ በር ያላት ክፍል ትበቃዋለች። በየፎቁ አንድ ብትኖር ከትልቁ ሳሎን የበለጠ ትጠቅማለች ብዬ አምናለሁ።

አንድ ክፍል ለሚጋሩትስ ምን ይደረግ?

እዚህ ላይ ግድግዳ የለም፣ ስለዚህ ዕቃው ግድግዳ ይሁን። ሁለት አልጋ ፊት ለፊት ሲሆን ሁለት ሰው ሲነቃ መጀመሪያ የሚያየው የሌላውን ፊት ነው። አንዱን ዞር አድርጎ ቁምሳጥኑን መሃል ማቆም ሁለት ጥግ ይሰጣል። ጠረጴዛዎቹ ጀርባ ለጀርባ ቢሆኑ አንዱ ሲያነብ የሌላው እንቅስቃሴ አያዘናጋውም። መብራት ለየብቻ መሆን አለበት፤ አንድ አምፖል ብቻ ካለ ማን ሲተኛ ማን እንደሚነቃ በየማታው መደራደር ነው። ተደራራቢ አልጋ ከሆነ መጋረጃ፣ የግል መብራት፣ ሶኬትና ትንሽ መደርደሪያ ቢኖረው አልጋዋ ራሷ ትንሽ ክፍል ትሆናለች። የሚቆለፍ ሎከር ደግሞ የግድ ነው። ዕቃው ይጠፋብኛል ብሎ የሚሠጋ ሰው ጎረቤቱን በጥርጣሬ ነው የሚያየው፣ በሩንም ክፍት አይተውም።

ሕንፃው ተሠርቶ ካለቀስ?

አሁን ካሉት ዶርሞች ብዙዎቹ ረጅም ኮሪደር ያላቸው ናቸው፤ አፍርሶ መሥራት አይታሰብም። ግን ቅድም ያነሳሁት ባውም ነገሩን በጥናት ብቻ አልተወውም። ከባልደረባው ከግሌን ዴቪስ ጋር አንድ ረጅም የዶርም ኮሪደር መርጠው መሃሉ ላይ ያሉ ሦስት መኝታ ክፍሎችን ወደ ሳሎንነት ቀየሩ፣ በርም አደረጉለት። በሩ አይቆለፍም፤ ማንም ማለፍ ይችላል። ግን 40 ገደማ የነበረው ቡድን 20 በ20 ሆኖ ለሁለት ተከፈለ። ውጤቱ በ1980 ታተመ።

ለዶርም አስተዳዳሪ ይህ ከባድ ውሳኔ ነው። ሦስት ክፍል መተው ማለት በዚያ ፎቅ የሚያድረውን ሰው ቁጥር መቀነስ ነው፣ ወረፋ የሚጠብቅ ተማሪ እያለ። የተገኘውን ደግሞ እንይ። በተከፈለው ፎቅ የኖሩት ተማሪዎች ካልተከፈለው ፎቅ ነዋሪዎች ያነሰ መጨናነቅ ተሰማቸው፣ ማን ጋር መቼ እንደሚገናኙ እኛ ነን የምንወስነው አሉ፣ ጎረቤታቸውንም በተሻለ አወቁ። ሴሚስተሩ ሲገፋ እነሱንም ጠርተው ከማያውቁት ሰው ጋር መጠበቂያ ክፍል አስቀመጧቸው። ከረጅሙ ኮሪደር ልጆች ይልቅ ቀረብ ብለው ተቀመጡ።